አሥራ ሰባት ቁጥር ጣሳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጣሳ ስሰቅል ዋልኩ። አርባ ጥቁር ጣሳ። ከኦሎምፒያ ጀምረን፣ የቦሌ ሆቴሎችን ጓሮ ለጓሮ፣ ሁለት ጎሚስታ ቤት፣ ከዚያ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ መጨረሻ ሳሊተ ምሕረት። ወገቤ የኔ አይደለም።

ጣሳው ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ግማሹ የጠለቀ ወረቀት። ትንኟ ካለች መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እኛ በሳምንቱ ሄደን እናያለን። ሥራው ይሄው ነው። አዲስ አበባ ደጋ ናት፣ ብርድ ነው፣ የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ ትንኝ እዚህ አትኖርም ሲባል ነው የኖረው። አሁን ግን ሙቀቱም ጨመረ፣ ዕቃውም ሰዉም ከድሬዳዋ፣ ከጅቡቲ ይጎርፋል... እና «ስጋቱ ምን ያህል ነው?» ለሚለው መልስ አምጡ ተባልን። እኔና ፈትያ። እሷ ማይክሮስኮፕ ላይ፣ እኔ መሰላል ላይ።

አዲስ ጣሳ ይገዛል ተብሎ አልተገዛም። ባለፈው ወር ድሬዳዋ የሠራንባቸውን ነው ያወጣነው። ፎርሙ ላይ «ታጥቧል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

ጣሳዎቹን በቁጥር ተራ ሳይሆን እጄ እንደገባ ነው ያነሳኋቸው፤ የመጨረሻውን፣ 17 ቁጥርን፣ ሳሊተ ምሕረት ወይዘሮ ትርሓስ ግቢ ሰቀልኩት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው፤ ሰፈሩ «አደይ» ነው የሚላቸው፣ እኔም ያዝኩት። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣላቸው። ግቢው በበርሜል ተሞልቷል፣ ስድስት ቆጠርኩ። ሁሉም ክዳን አለው፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ። ለወባ ነው ወይ አሉኝ። ይቺ ሌላ ናት አደይ፣ በቀን የምትናከስ፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ አልኳቸው። እግሯን ማን ጎንበስ ብሎ ያይላታል ብለው ሳቁብኝ።

ሰርቪሱን ለሹፌር አከራይተውታል። ደጀኔ ይባላል፣ የጅቡቲ መስመር። ሚስቱ ብሩክታይት ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ሊገባ ነው። ሰሞኑን ትኩሳት ጥሎት እንደነበር፣ አሁን ግን ተሽሎት መንገድ እንደወጣ አወራችኝ። ጣሳውን ከመስኮታቸው አጠገብ ጥላው ስር አደረግኩት። በዚያ ሆዷ ወንበር ያዘችልኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ውሃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች! ፀጉሬን ታጠብኩ። ሌላ ወሬ የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሠላሳ ዘጠኙ ዜሮ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ስጽፍ ነው የዋልኩት። ውሃቸውን እየቀየርን መልሰን ሰቀልናቸው።

አደይ ትርሓስ ግቢ ደረስን። 17ን አውርጄ ወደ ብርሃን አዘነበልኩት... የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ዓይኔ ነው? ፈትያን ጠራኋት። እጭ ነው። ዘጠኝ። እየተገለባበጡ ይዋኛሉ። ተራዋ የቤት ትንኝ ትሆናለች አልኩ። ፈትያ ጣሳውን ከነወረቀቱ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ቢሮ ድረስ ይዛው ሄደች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ፈትያ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል «እሷ ናት» አለች።

አለቃችን አቶ ረታ ወንበር ስበው ራሳቸው አዩ። ደግመው አዩ። ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር የቀራቸው ሰው... መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ስልክ፣ ስብሰባ፣ ከበላይ የመጡ ሰዎች። ተወሰነ፦ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሰፈሩ ኬሚካል ይረጫል፣ ሁለት መቶ ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ በሙሉ ይደፋል። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር!

ግቢው ውስጥ ማን ይኖራል ተባለ። የመለስኩት እኔ ነኝ። ሹፌር አለ፣ ድሬዳዋ ያድራል፣ ትኩሳት ይዞት ነበር። ሁሉም በአንድ አፍ «በቃ፣ ተገኘ» አለ። እኔም አልኩ።

ለራሴ ምን ይዋሻል... ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት መሰላል ተሸክሜ አንድ ነገር አገኘሁ ብዬ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ቤት ለቤት። ሠላሳ አንድ ቤት፣ በርሜል በበርሜል፣ ሮቶ በሮቶ፣ የአበባ ማሰሮ ሳይቀር። ባትሪ ይዤ በርሜል ውስጥ ስመለከት ዋልኩ። ምንም የለም።

ሰዉ ግን ቀድሞ ሰምቷል። የት እንደሰማ እንጃ! «የሹፌሩ ግቢ» ነው የሚሉት አሁን። አንዷ ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ ያ መኪና ጎማው ውስጥ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል ትላለች። ደጀኔ ትናንት ገብቷል። ደም ተወሰደለት። ክንዱን ዘርግቶ፣ ሲሚንቶ ነው የምጭነው፣ ትንኝ በኩንታል አልጫንኩም ሲል ፈትያ ሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ብሩክታይት በር ላይ ጠብቃ ለፅንሱ ክፉ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ውጤቱን እንጠብቅ አልኳት። ዓይኗን ሳላይ ነው ያልኩት።

ስንወጣ አደይ ትርሓስ ደጀኔን ወደ ጥግ ወስደው ሲያናግሩት ሰማሁ። የልጅ ልጃቸው አብራቸው ትኖራለች፣ ሦስት ዓመቷ ነው። ለክፋት አይደለም ልጄ፣ ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ፈልግ፣ አሉት። እሱ እሺ አደይ አለ። በቃ፣ እሺ ብቻ። ምጥ ሊመጣባት ቀን የምትቆጥር ሚስት ይዞ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬም ሃያ ስድስት ቤት። ዜሮ።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ትንኟ ግቢው ውስጥ ካለች፣ ሁለት እርምጃ የማይርቁት በርሜሎች እንዴት ንጹሕ ሆኑ? ክዳን አላቸው እሺ... ግን የዶሮዎቹ ውሃ መጠጫስ? ጎረቤት ያለው አሮጌ ጎማስ? አንድ ጣሳ ብቻ መርጣ ገባች?

ለፈትያ አነሳሁላት። ወረቀቱን አውጥታ መብራት ስር ዘረጋችልኝ። አንድም እንቁላል የለበትም። ትንኟ የምትወደው ደግሞ ወረቀቱን ነው፣ የተቀመጠላትም ለዚያ ነው። «እጮቹ ከየት መጡ ታዲያ?» አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። ቀጥ ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እንዴት ነበር ያየችኝ?

አርብ፣ ጥቅምት 15

ሰው ሳይገባ ቢሮ ገባሁ። 17ን ከመደርደሪያ አወረድኩ።

ስሰቅለው ሞልቼው ነበር፤ አሁን ከጎደለው ውሃ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ጣሳውን ዙሪያውን የከበበ ነጭ መስመር አለ። በጥፍሬ ብፍቀው አይለቅም። የድሬዳዋ ውሃ ነው። ድሬ የጀበናውንም የማንቆርቆሪያውንም ሆድ ነጭ የሚያደርገው፣ ያው ጠንካራው ውሃ። የአዲስ አበባ ውሃ በሳምንት እንዲህ አይሠራም፣ በዓመትም አይሠራም። ነጩ መስመር ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች...

እንቁላል። ደርቆ ወር የሚቆይ፣ ውሃ ሲያገኝ የሚፈለፈል እንቁላል። ይሄን እኮ ሥልጠና ላይ ለሌሎች የማስረዳው እኔ ነኝ!

መስከረም 24 ቀን፣ አርብ። ከድሬ የመጡትን ጣሳዎች በሽቦ ብሩሽና በበረኪና እንዳጥብ ተነገረኝ። ማጠብ ጀመርኩ። ሃያ ስድስተኛው ላይ ውሃ ጠፋች። የጎረቤቴ የአሰፋሽ እናት አርፈው ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ። ለቅሶ ነው ሲባል ማን ይከለክላል? አሥራ አራቱን በተረፈችው አንድ ጀሪካን ለቅለቅ አድርጌ ደፋኋቸው። ሰኞ እመለስበታለሁ ብዬ። ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ ረሳሁት። እውነት ረሳሁት? እንጃ። ፎርሙን ስፈርም እጄ ትንሽ እንደዘገየ ትዝ ይለኛል።

ትንኟን ሳሊተ ምሕረት ያመጣት ሹፌሩ አይደለም። እኔ ነኝ። በቢሮ መኪና፣ በቢሮ ጣሳ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? የደጀኔ ደም ንጹሕ ከሆነ ነገሩ ቀስ ብሎ ይረሳል... አይረሳም። ቤቱን ይለቃል። ሐሙስ ይረጫል። ሁለት መቶ ቤት ለሳምንት ያጠራቀመውን ውሃ ይደፋል። እኔ ደግሞ መሰላል ላይ ቆሜ አያለሁ።

ብናገርስ? አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ስም አለ። «አዝመራ ያጠበችው መፈተሽ አያስፈልገውም» ነበር የሚሉኝ። አሁን ምን ሊሉኝ ነው?

ፈትያ ጋ ደወልኩ። ገና «ያ ጣሳ...» ስል አላስጨረሰችኝም። «ወላሂ አዝመራ፣ ነጩን መስመር ማክሰኞ ነው ያየሁት» አለችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? «ካንቺ አፍ እንዲወጣ ብዬ። እስከ ሰኞ ጠብቄ ካልተናገርሽ እኔ ልናገር ነበር።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ከእፍረት ነው ወይስ ከእፎይታ? ሁለቱም መሰለኝ። ቢያንስ ብቻዬን አይደለሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ተናገርኩ።

አቶ ረታ ሻያቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፣ ለቅሶውንም፣ ጀሪካኑንም፣ ፊርማውንም። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሻያቸውን አስቀመጡት።

«ስንት ነው ያልታጠበው?»

«አሥራ አራት።»

«የትኞቹ ናቸው?»

«አላውቅም።»

ፊታቸው ሲለዋወጥ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰሞኑን ስለ ስሜ፣ ስለ ደጀኔ ቤት ሳስብ፣ ዋናውን ሳላስበው! ሌሎቹ አሥራ ሦስቱ እስካሁን ከተማው ውስጥ ተሰቅለው ነው ያሉት። እንቁላሉ ደግሞ ሁሉም ባንድ ቀን አይፈለፈልም። ባለፈው ሰኞ ዜሮ ያልነው ዛሬ ዜሮ ላይሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ሆነው። አንዷ ክንፍ አውጥታ ከሆነስ? ከተማዋን ስጋት አለባት ወይ ብለን ልንለካ ወጥተን፣ ስጋቱን ራሳችን ሰቅለንላት ቢሆንስ?

መቀባጠር ጀመርኩ። «ለቅሶውን በኋላ ትደርሺዋለሽ» አሉኝ አቶ ረታ። «አሁን መሰላሉን ያዢ።»

ሦስታችንም ወጣን። እሳቸው ጭምር፣ በዚያ ጉልበታቸው። ኦሎምፒያ... ንጹሕ። ቦሌ፣ የሆቴሎቹ ጓሮ... አራቱ ላይ ነጩ መስመር አለ፣ ውሃው ውስጥ ምንም የለም። ጎሚስታ ቤቱ ጋ ደረስን። አለ! አምስት እጭ። ፈትያ በማጉያው አየች፣ ደግማ አየች። ገና ትንንሾች ናቸው አለች። ገርጂ አንድ ጣሳ ላይ ሦስት። ሲኤምሲ አንድ ጣሳ ላይ ሁለት። እነሱም ትንንሾች። ክንፍ ሊያወጣ የተቃረበ አንድም የለም። ትንኟ ክንፍ አውጥታ ስትበር የምትተወው ባዶ ቅርፊት፣ እሱም የለም። ብርዱ አዘግይቷቸዋል። ያ ስረግመው የኖርኩት የሲኤምሲ ብርድ!

ሁሉንም ሰበሰብን፣ ሠላሳ ዘጠኙን። መስመር ያለባቸውን ስቆጥር አሥራ ሦስት። ከ17 ጋር አሥራ አራት። ልክ ነው። አንድም አልጎደለም። ልክ ሲሆን መኪናው ውስጥ «ተመስገን» አልኩ። ፈትያ «አልሐምዱሊላህ» አለች። አቶ ረታ ጉልበታቸውን እያሹ መስኮቱን ከፈቱት።

ቢሮ ስንደርስ የደጀኔ ውጤት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ደንጊ የለበትም። ይዞትም አያውቅም። ጉንፋን ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አቶ ረታ ለሰፈሩ ደብዳቤ እንጽፋለን አሉ። አደይ ትርሓስ ጋ እኔ ልሂድ አልኳቸው። አላስገደዱኝም፣ አልከለከሉኝምም።

ግቢው በር ላይ ፍራሽ በገመድ ታስሮ ቆሟል። ደጀኔ ዕቃ ማውጣት ጀምሯል። አደይ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ነገርኳቸው። ቀላል በሆነ ቃል፦ ትንኟ ከዚህ ግቢ አይደለችም፣ ከደጀኔም አይደለችም፣ ጣሳውን ሳላጥብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣

«አንቺ ልጅ፣ እርጉዝ ሴት ከቤቴ ላስወጣ ነበር እኮ። ይሄን ኃጢአት ልታሸክሚኝ ነበር?»

ጮክ ብለው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስተው ወደ ፍራሹ ሄዱና ገመዱን በእጃቸው መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ደጀኔ ሮጦ መጣ። እኔም ላግዝ ስል፣ አንቺ ተይው አሉኝ።

ብሩክታይት መስኮቱ ላይ ነበረች፣ ሰምታለች። ታለቅሳለች፣ ግን ፊቷ ላይ ሌላ ነገርም አለ። ልጁ ደህና ነው ማለት ነው አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። አሁን ዓይኗን አየሁት። ደጀኔ እስከ በር ሸኘኝ። ሁለት ቀን ቤት ፍለጋ ስዞር ሁሉም ደላላ «የትንኙ ሰውዬ» ሲለኝ ነበር ብሎ ሳቀ። እኔ ብሆን አልስቅም ነበር።

አደይ ቻው እንኳ አላሉኝም። ይገባኛል።

አርብ፣ ጥቅምት 22

ርጭቱ ቀረ። ውሃ መድፋቱም ቀረ። ትናንት ሳሊተ ምሕረት የውሃ ፈረቃ ነበር፣ ሰዉ በርሜሉን ሞልቷል አሉ። እሰይ!

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስት ወር ከመስክ ታግጄ ዕቃ ማጠብ ላይ ተመድቤያለሁ። መስክ የምወጣው እሳቸው ሲያዙኝ ብቻ ነው። አቶ ረታ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ብሩሹ መደርደሪያው ላይ አለ አሉኝ። መባረር ጠብቄ ነበር። ማታ ሽሮ ሠርቼ ድስቱን ጠረግኩት። ከሳምንት በኋላ ዛሬ ነው ምግብ ምግብ ያለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

አርባውንም አጠብኩ። በፈላ ውሃ፣ በበረኪና፣ ፀሐይ ላይ። ነጩን መስመር በሽቦ ነው የፋቅኩት። እጄ ተላጠ። ፈትያ አንድ በአንድ እያነሳች አየችና አጠገቤ ፈረመች። አሁን ደንቡ ይሄ ነው፣ ሁለት ፊርማ። እንደገና ተሰቀሉ። አደይ ትርሓስ ግን እምቢ ብለዋል። ያ ጣሳ ግቢዬ አይገባም ብለው በሩን ዘግተውባታል ለፈትያ። 17 መደርደሪያ ላይ ብቻውን ቀረ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዜሮ። ሠላሳ ዘጠኙም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ብሩክታይት ወለደች! ሴት። ለፈትያ ደውላ ነው የነገረቻት፣ ንገሪያት ብላ። ማለትም ለኔ። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ከሰርቪሱ ወጥተው አደይ ትርሓስ ሳሎን ገብተዋል፣ አራስ ቤት እዚያ ነው የተደረገው። አደይ ናቸው የሚያርሷት።

ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ስወጣ ፈትያ ምነው ዓይንሽ ስትለኝ በረኪናው ነው አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ሁለተኛው ሳምንትም ዜሮ። አቶ ረታ ሪፖርቱን ጽፈው ጨረሱ፣ አነበቡልን። አሁን ባለው ሁኔታ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ይላል። ያላወቅነው አይጠፋም፣ ሙቀቱን እየተከታተልን በየዓመቱ እንለካ ይላል። ከዚያ አንድ አንቀጽ፣ ትንኟ በባለሙያ ዕቃ ልትገባ ስለምትችልበት መንገድ። ስሜን አልጻፉም። «ጻፉት እንጂ» አልኳቸው። «የሰው ስም ምን ያደርጋል፣ ጣሳው ይበቃል» አሉኝ።

ግን አንድ ነገር ጎድሏል አሉ። ሳሊተ ምሕረት ያለ 17 ቁጥር ባዶ ነው፣ ያ ግቢ ካልተለካ ሪፖርቱ አይሞላም። ነገ አንቺ ሂጂ። እኔ? እገዳ ላይ ነኝ እኮ! «ጣሳ ማድረስ የማጠብ ሥራ ነው» አሉና መነጽራቸውን አደረጉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ግቢውን እየጠረገ ቆሻሻውን አውጥቶ በየደጁ ያነድዳል። ጭሱ በሽታ ያባርራል ወይ ቢሉኝ እንጃ፣ ዓይን ግን ያባርራል። ጠረጋው ግን... የተሰበረ ጀሪካን፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ አሮጌ ማሰሮ፣ ውሃ የሚያቁር ነገር ሁሉ ወጥቶ ተከምሯል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ለምኜ ያላገኘሁትን በአንድ ጠዋት! ያ የጎረቤት ጎማ እንኳ ወጥቷል።

17ን በፌስታል ይዤ በሩን አንኳኳሁ። ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት። ሌሊት ህልሜ ላይ ጭምር።

አደይ ትርሓስ ራሳቸው ከፈቱ። ነጠላቸውን ከጭሱ አፍንጫቸው ላይ አድርገዋል። ከሳሎን የአራስ ልጅ ድምፅ ይሰማል፣ ቀጭን፣ የተቆጣ። ደጀኔ ጓሮ ሆኖ አካፋ ይዟል፣ ሲያየኝ እጁን አነሳ።

ጣሳውን ከፌስታሉ አውጥቼ ያዝኩት።

«አጥበሽዋል?» አሉኝ።

«አጥቤዋለሁ አደይ።»

«አምጪው።»

ተቀበሉኝ። ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ውስጡን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አስገብተው ዙሪያውን፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብለው አሹት። ጣታቸውን አውጥተው አዩ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ነጠላውንም አዩ።

ወደ መስኮቱ ሄደው ያንኑ ምስማር ፈልገው ጣሳውን ራሳቸው ሰቀሉት። ከበርሜላቸው ክዳን ላይ ድንጋዩን አንስተው በኩባያ ቀድተው ሞሉት። ድንጋዩን መለሱት።

«ግቢና ልጅቷን እያት» አሉኝ። «መጀመሪያ ግን እጅሽን ታጠቢ።»

ታጠብኩ። በሳሙና፣ እስከ ክርኔ።